በህንድ ያዳነ መድኃኒት በመተማ ያድናል?

 

«አዲስ መድኃኒት ተገኝቷል ሲባል በሬዲዮ ሰምተናል፤ እናንተ ጋ ለምን አልመጣም?» የሚል ጥያቄ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል በየጊዜው ይቀርብልናል። ጠያቂው እውነቱን ነው፤ ቤቱ የታመመ ልጅ ወይም ወንድም ተኝቶበታል። መልሱ ግን ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። አንድ መድኃኒት «ተገኘ» ከተባለበት ቀን አንስቶ ሐኪም በልበ ሙሉነት እስኪያዝዘው ድረስ የሚሄድበት ረጅም መንገድ አለ። ያ መንገድ የመድኃኒት ሙከራ ጥናት ይባላል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን መንገድ በሩቅ አገር ምሳሌ ሳይሆን በራሳችን በሽታ እንመለከተዋለን። በሽታው ካላዛር ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በካላዛር ሕክምና ላይ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተገኙ ውጤቶች የኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ጭምር ለውጠዋል። ቆላ ወርዶ የሚሠራ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

በሽታውን በአጭሩ

ካላዛር ሌሽማኒያ በተባለ፣ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ ነው። ተውሳኩን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ስሟ ዝንብ ይባል እንጂ ከወባ ትንኝ እንኳ በጣም ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም፤ የምትነክሰውም በምሽትና በሌሊት ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላችን ዋልካ አፈር ሲደርቅ በሚፈጥረው ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትገኛለች።

ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋና ከደምቢያ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ወደ መተማ፣ ወደ አብዱራፊና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ክረምቱ ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ነው። በደጋው ልጅ ሰውነት ውስጥ ለዚህ በሽታ የተዘጋጀ መከላከያ ስለሌለ ሲያዝ ይጠናበታል።

የበሽታው ክፉ ጠባይ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ከተነከሰ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሰውየው ደመወዙን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት አልፎት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ፣ አንዳንዴም ነስር ይታይበታል። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በትክክል ከታከመ ግን አብዛኛው ይድናል፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ካላዛር የቆላ በሽታ ብቻ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ብዙ ጊዜ ባከነ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከታመሙት መካከል ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት።

የመድኃኒት ሙከራ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው መድኃኒት ወስዶ ቢድን መድኃኒቱ አዳነው ለማለት ያስቸግራል። ሳይወስደውም ይድን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀድሞ የወሰደው ሌላ ነገር ረድቶት ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ ሕሙማንን ፈቃዳቸውን ጠይቀው በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ይከፍሏቸዋል። አንዱ ቡድን የተለመደውን መድኃኒት፣ ሌላው አዲሱን ያገኛል። ማን በየትኛው ቡድን እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ነው። ሐኪሙ መርጦ የበረታውን ለአዲሱ፣ የደከመውን ለአሮጌው ቢመድብ ኖሮ ሚዛኑ ከመነሻው የተዛባ ይሆን ነበር።

በካላዛር ጥናት ሌላም ልዩ ነገር አለ። «ዳነ» የሚባለው መድኃኒቱን በጨረሰ ዕለት አይደለም። ተውሳኩ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ተደብቆ ሊቀርና ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይመረመራል። ያን ጊዜ ምልክቱ ካልተመለሰ ነው በእርግጥ ዳነ የሚባለው። ይህችን የስድስት ወር ነገር ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ህንድን ያስደሰተው መድኃኒት

ካላዛር በህንድም ብዙ ሰው ሲገድል የኖረ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከህንድ የወጣ ጥናት ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ለ21 ቀን ሲሰጥ ከ100 ሕሙማን 95 ያህሉን እንደሚያድን አሳየ። መርፌው በዋጋም ረከስ ያለ ነው። እንግዲህ የማያስጎመጅ ማን አለ? «ይኸው ተገኘ፣ እኛም ጋ ይምጣ» ማለት ቀላል ነበር።

እርግጡን ሳያዩ ወደ ሕሙማን አልተጣደፉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት ለማፈላለግ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ድርጅት እና የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች በጋራ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በኬንያ ያንኑ መድኃኒት፣ በዚያው መጠን፣ ለዚያው 21 ቀን ሞከሩት። በአገራችን ከሙከራው ሥፍራዎች አንዱ ጎንደር ነበር። የጥናቱን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመውን ቡድን የመሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ናቸው።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በህንድ 95 ያህል ያዳነው መርፌ በእኛ አካባቢ ከ100 ያዳነው 64 ያህሉን ብቻ ሆነ። በሱዳን በአንድ ሥፍራማ ከ100 ወደ 14 ወርዶ ነበር። የተለመደው አሮጌው መርፌ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ግን በዚያው ጥናት 92 ያህል አዳነ። ጥናቱ ሳይደረግ የህንዱ ውጤት ብቻ ታይቶ መመሪያው ቢለወጥ ኖሮ ከየሦስቱ ሕመምተኛ አንዱ «ታክመሃል» ተብሎ ከነበሽታው ወደ ቤቱ ይሸኝ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር ከአምቢሶም ጋርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በህንድ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የተሰጠ አምቢሶም ከ100 ሕሙማን ወደ 96 የሚሆኑትን እንዳዳነ ተነገረ። አንድ ቀን ታክሞ ወደ ሥራ መመለስ ለቀን ሠራተኛ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቡት። ይኸው ሕክምና በኢትዮጵያና በሱዳን ሲሞከር ግን ያንኑ የህንዱን መጠን ያገኙት ከ100 የዳኑት 58 ብቻ ሆኑ። ተመራማሪዎቹም የሕሙማኑን ደኅንነት አስበው ሙከራውን አቋረጡት። በሰባት ቀናት ተከፋፍሎ የተሰጣቸው ሕሙማን ግን 85 ከመቶ ድነዋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብትሉ፣ የተውሳኩ ዝርያ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሕመምተኛውም አካል፣ የምግብ ይዞታውና አብረውት ያሉ ሌሎች በሽታዎች ይለያያሉ። የዓባይ ማዶ ዘር በደጋ ማሳ እንደማያፈራው ሁሉ፣ መድኃኒትም የሚሠራበትን ሰውና የሚዋጋውን ተውሳክ ያያል። ስለዚህ «በውጭ አገር ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ዋስትና አይደለም።

ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን

የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች በፓሮሞማይሲን ተስፋ አልቆረጡም። ለብቻው ካልበቃ ከአሮጌው ጋር ተጣምሮስ? ብለው ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የካላዛር ሕመምተኛ ለ30 ቀን በየቀኑ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ይወጋ ነበር። መድኃኒቱ ያድናል፤ ነገር ግን ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በቆየ ቁጥር ያሰጋል።

ሁለቱ መርፌዎች ተጣምረው ለ17 ቀን ሲሰጡ ውጤቱ በስድስት ወር 91 ከመቶ ሆነ፤ የ30 ቀኑ ደግሞ 94 ከመቶ። በተመራማሪዎቹ ስሌት ልዩነቱ ሁለቱ ሕክምናዎች ተቀራራቢ ናቸው የሚያሰኝ ነው። በዚህ መነሻ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ጥምሩን ለምሥራቅ አፍሪካ መከሩ፤ በአገራችንም በ2013ቱ መመሪያ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ። የጥናቱ ሙሉ ዘገባ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

አሥራ ሦስት ቀን መቀነሱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለአስታማሚ ግን አሥራ ሦስት ቀን የምግብ ወጪ፣ አሥራ ሦስት ቀን ከእርሻና ከንግድ መቅረት፣ አሥራ ሦስት ሌሊት መሬት ላይ ማደር ነው። አልጋውም ለሌላ ሕመምተኛ ቶሎ ይለቀቃል።

በጥናቱ ያልነበሩትስ?

አንድ ጥናት ስታነቡ ወይም ሲወራ ስትሰሙ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «የተሞከረው በማን ላይ ነው?» ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶች በዋናነት ኤች አይ ቪ የሌለባቸውን የሚመለከቱ ናቸው። በመተማና በአብዱራፊ ግን ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸው ሕሙማን ጥቂት አልነበሩም። በእነዚህ ላይ አሮጌው መርፌ ብዙ ጉዳት ያደርሳል፤ ካላዛሩም ደጋግሞ ያገረሽባቸዋል።

ለእነርሱ የተለየ ጥናት ያስፈልግ ነበርና በጎንደር ሆስፒታልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሚሠሩበት በአብዱራፊ ተካሄደ። የጥናቱን ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2019 ካወጡት መካከል የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኤርሚያስ ዲሮ ቀዳሚው ናቸው። ተሳታፊዎቹ 58 ነበሩ። ለ39ኙ አምቢሶም በደም ሥር ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር፣ ለ19ኙ ደግሞ አምቢሶም ብቻ በከፍተኛ መጠን ተሰጣቸው።

ከመጀመሪያው የ28 ቀን ዙር በኋላ ጥምሩን ከወሰዱት 67 ከመቶ፣ አምቢሶም ብቻ ከወሰዱት 50 ከመቶ ከተውሳኩ ነፁ። ተውሳኩ ገና የታየባቸው ሁለተኛ ዙር ሲጨመርላቸው፣ እስከ 58ኛው ቀን ጥምሩ 88 ከመቶ፣ ብቻውን የተሰጠው 55 ከመቶ ሆነ። በዚህና በህንድ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት መነሻ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የካላዛርና የኤች አይ ቪ ጥምር ሕሙማንን የሚመለከት አዲስ መመሪያ አወጣ።

ከዚህ ለሕመምተኛው የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። የካላዛር ሕመምተኛ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሲታዘዝለት «በእኔ ላይ ምን ጠረጠራችሁ?» ብሎ መቆጣት የለበትም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ስለ ሥነ ምግባሩ ሊፈርድ ሳይሆን የትኛው መድኃኒት እንደሚያድነው ለማወቅ ነው። ሳይመረመር ቀርቶ ለሌላው የሚሰጠው መርፌ ቢሰጠው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በአንድ ሰው የተለያዩት ሁለት ሕክምናዎች

የቅርቡን ደግሞ እንመልከት። ተመራማሪዎች ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን ፈጽሞ ለመተው ፓሮሞማይሲንን ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር ለ14 ቀን ሞከሩ። ጥናቱ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ ከ4 እስከ 50 ዓመት ባሉ 439 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታወቀ። የ17 ቀኑ ጥምር በቀን ሁለት፣ በድምሩ 34 መርፌ ነበር፤ ይህ ግን በቀን አንድ፣ በድምሩ 14 መርፌ ነው። ለልጅ እግር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ውጤቱ አስተማሪ ነው። በስድስት ወር ሲመረመሩ ከአዲሱ ቡድን ከ170 ሰው 155 ድነዋል። ከነባሩ ቡድን ከ170 ሰው 156 ድነዋል። ልዩነቱ አንድ ሰው! ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ወዲያው «እኩል ናቸው» አላሉም። ምክንያቱም ከመጀመራቸው በፊት አንድ ወሰን አስቀምጠው ነበር፦ አዲሱ ከነባሩ ምናልባት ቢያንስ ከ7 ከመቶ በላይ ሊያንስ እንደማይችል ስሌቱ ካሳየ ብቻ እንቀበለዋለን የሚል ነው። የአጋጣሚን ድርሻ ጨምረው ሲያሰሉ እውነተኛው ልዩነት እስከ 7.4 ሊደርስ እንደሚችል አገኙ። ወሰኑ በጥቂት ታለፈ። ሕክምናውን በትክክል በታዘዘው መሠረት በተከታተሉት ላይ ብቻ ሲሰላ ግን ወሰኑ ተጠበቀ፤ የዳኑትም በሁለቱም ወገን 92 ከመቶ ያህል ነበሩ።

ሐቀኛ ነጋዴ ሚዛኑን የሚያስተካክለው እህሉ ከመሰፈሩ በፊት እንጂ ከተሰፈረ በኋላ አይደለም። ተመራማሪዎቹም ያመለጣቸውን ሳይደብቁ ሁለቱንም ቁጥር አሳተሙ። ለሐኪሙም የሚጠቅመው ይኸው ነው። መርፌው መቀነሱን፣ ቀኑ ማጠሩን፣ ለልብ የሚያሰጋው መድኃኒት መቅረቱን በአንድ በኩል፣ ያቺን ትንሽ ጥርጣሬ በሌላ በኩል አድርጎ ይመዝናል። አንድ ግኝት ከጥናት ወደ ዕለት ተዕለት ሕክምና የሚሻገረው እንዲህ ተመዝኖ፣ መመሪያ ተጽፎለት፣ መድኃኒቱ ተገዝቶ፣ ባለሙያው ሠልጥኖ ነው። «ለምን አልመጣም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ወደፊት መርፌ ጨርሶ የሌለበት፣ በአፍ ብቻ የሚወሰድ ሕክምና ለማግኘትም ሙከራው ቀጥሏል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ቤት ምን ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል። ከ100 ሰው 91 ያዳነ ሕክምና የእርስዎን ልጅ የሚያድነው በጥናቱ ውስጥ እንደነበሩት ሕሙማን በጊዜ ደርሶ፣ በትክክል ተመርምሮ፣ ሳያቋርጥ ከወሰደ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ ቆላ ውሎ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደጋግሞ የወባ መድኃኒት መግዛት ይቁም። አንዲት እናት መጥታ «ልጄ፣ ያንኑ የወባ ኪኒን ጨምሪልኝ፤ ሁለት ጊዜ ወስዶ አልተወውም» ስትለን እኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች «እናቴ፣ ልጅዎ መተማ ወርዶ ነበር? ደሙስ ታይቷል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። እናንተም ሳትጠየቁ ብትነግሩን መልካም ነው። የካላዛር መድኃኒቶች በግል መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የሚገኙ አይደሉም፤ በተመደቡ የመንግሥት ሕክምና ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ። በመዘግየት የሚባክነው ገንዘብ ለመጓጓዣው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ቀላል ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ፈጣን ምርመራ አለ። ምርመራው ምንም ካላሳየና ጥርጣሬው ካልጠፋ፣ ወይም በሽታው ቀድሞ ይዞት ያገረሸበት ከሆነ፣ ሐኪሙ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ሊወስድ ይችላል። ስለ ናሙናው የሚያስፈራ ነገር ከሰማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ አትሽሹ።

ሦስተኛ፣ ትኩሳት ለቀቀ ማለት ተውሳኩ አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይወርዳል፤ ሕመምተኛው መብላት ይጀምራል፤ «አጨዳው ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ለመሄድ ይነሣል። በግማሽ የተወጋ ተውሳክ ግን ይመለሳል፤ ሲመለስም ለማከም ይከብዳል። የ17 ቀን ሕክምና የተፈተነው ለ17 ቀን ነው፤ 9 ቀን ቢወሰድ ምን ያህል እንደሚያድን የሚናገር ውጤት የለም።

አራተኛ፣ በሕክምናው ወቅት የልብ ምት መዛባት፣ ከባድ የሆድ ሕመምና ትውከት፣ የጆሮ ጩኸት ወይም የመስማት መቀነስ ካለ ለነርሷ ወዲያው ይነገር። ሚልቴፎሲን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም እይታው ከደበዘዘ ሳይውል ሳያድር ይናገር።

አምስተኛ፣ ሚልቴፎሲን በማኅፀን ያለን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም፤ ለእርሷ አምቢሶም ይመረጣል። ለመውለድ በደረሰች ሴት ላይ አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል፤ መድኃኒቱን በምትወስድበት ጊዜና ከጨረሰች በኋላም ለ5 ወር እርግዝና መከላከል አለባት። ይህ በባልና ሚስት መካከል በግልጽ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅ እኅቶቻችን በሐፍረት ዝም እንዳይሉ፣ ባሎችም እንዲያግዟቸው እንመክራለን።

ስድስተኛ፣ ያዙልን ያልናችሁን የስድስት ወር ቀጠሮ አትርሱ። በሽታው ማገርሸት አለማገርሸቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትም ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ወይም ፊትና ቆዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም እብጠት ከወጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው።

ምግቡና ጾሙ

ካላዛር ሥጋን የሚጨርስ በሽታ ነው፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ቆዳና አጥንት ሆነው ነው። በምግብ የተጎዳ ሕመምተኛ ሕክምናውን ለመቋቋም ይቸገራል። ስለዚህ አስታማሚ የሚይዘው ስንቅ ግማሽ መድኃኒት ነው። ትንሽ ትንሽ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መመገብ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በዘይት የተሠራ ገንፎ ማቅረብ ይጠቅማል። በሆስፒታል የሚታደለው አልሚ ምግብ የሕመምተኛው ነውና ለቤት ልጆች አይቀመጥ። ሚልቴፎሲን ሆድን ስለሚረብሽ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ባዶ ሆድ የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። ካስመለሰው ራሱ ደርቦ ከመውሰድ ባለሙያ ይጠይቅ።

የረመዷን ወር ከሕክምናው ጋር ቢገጥም ሕመምተኛው ጾሙን ወደ ሌሎች ቀናት እንዲያዘዋውር ሸሪዓችን አግርቶለታል። በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድን እንክብል ሱሑርና ኢፍጣር ላይ ላድርገው ብሎ በራስ ውሳኔ ሰዓት ማዛባት፣ ወይም «ከዒድ በኋላ እጀምራለሁ» ብሎ ሕክምና ማዘግየት አይገባም። የከበደው ሰው ሐኪሙንና የመስጂዱን ኢማም ይጠይቅ።

ጥናት ላይ እንድትሳተፉ ብትጠየቁስ?

«ሊሞክሩብን ነው» የሚል ፍርሃት በሰፈራችን አለ። ፍርሃቱን አንንቀውም፤ ነገር ግን መብታችሁን እወቁ። ጥናቱ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመርምሮ የተፈቀደ መሆን አለበት። ዓላማው፣ ጥቅሙና ጉዳቱ በምትሰሙት ቋንቋ ሊነገራችሁ ይገባል። ማንበብ ለማይችል ምስክር ባለበት ይነበብለታል። አልሳተፍም ያለ ሰው የተለመደውን ሕክምና ያገኛል እንጂ አይባረርም፤ ከገባ በኋላም ማቋረጥ ይችላል። «ለእኔ ምን ይደረግልኛል? ከጨረስኩ በኋላስ ማን ይከታተለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደግሞም ይህን እናስብ። ዛሬ የ17 ቀኑን ሕክምና ያገኘ ልጅ የሚድነው ከዓመታት በፊት ስማቸውን የማናውቃቸው የቀን ሠራተኞች ፈቅደው በጥናቱ ስለገቡና፣ ድነው እያሉ እንኳ በስድስተኛው ወር ከሩቅ መንደር ተመልሰው ስለተመረመሩ ነው። ለማያውቁት ወንድም የተረፈ በጎ ሥራ ነው።

ሊወርድ ለተዘጋጀ

በመጨረሻ፣ ከቤታችሁ ሰው ወደ ቆላ ሊወርድ ከሆነ ስንቁ ላይ አጎበር ጨምሩለት። የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ቀዳዳው የጠበበ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሻላል። በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ባያድር፣ ሲመሽ እጅጌውና እግሩ የተሸፈነ ልብስ ቢለብስ ንክሻው ይቀንሳል። ሲመለስ ደግሞ ቤተሰቡ የተመለሰበትን ወር ያስታውስ። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት የሚነሣ የማይለቅ ትኩሳት ሁሉ ካላዛር እስካለመሆኑ ድረስ መመርመር አለበት።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ጤናችንን ይጠብቅልን። በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።